ማተሚያው ያላወጣው ፊት

ባለፈው እሑድ ልጄ የደበዘዘ የቤተሰብ ፎቶ አግኝታ በስልኳ አንዴ ነካ አድርጋ አጠራችው። «አየህ አባዬ፣ እንዲህ ቀላል ነው!» አለችኝ። ለእሷ ቀላል ነው። እኔን ግን ሐሳቤ ይዞኝ መቱ ከተማ፣ ጋሼ ሸምሱ ፎቶ ቤት ገባ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር በእኔ እጅ ነበር። ጋሼ ሸምሱ ከአዲስ አበባ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣ ርካሽ የግራፊክስ ካርድ ገዝተው መጡ። ሁለት ስክሪን ስለሚያሠራ አንዱን ወደ እኔ፣ ሌላውን ወደ ደንበኛው አዞርነው። የእኛ ደንበኛ ፎቶው ከታተመ በኋላ «ይኼ እኔ አይደለሁም» ብሎ መሟገት ይወዳል፤ አሁን ሳይታተም አይቶ ይፈርዳል ማለት ነው። ካርዱ ምስል ማጥሪያም ነበረው። ስከፍተው የጠቆረው ሁሉ ፍንትው ይላል። እኔማ ምን ልበላችሁ፣ ጎበዙ እኔ መሰልኩኝ!

አንድ የነሐሴ ቀን እትዬ ጫልቱ የሚባሉ እናት ከልጃቸው ከለሊሴ ጋር ከዳሪሙ መጡ። ግማሹን መንገድ በጭቃ በእግራቸው ነው የመጡት፤ በፌስታል የያዙት የተቀቀለ በቆሎ ቤቱን አወደው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ ፎቶ ሰጡኝ። የምድጃ ጭስ አጥቁሮታል፤ የሰው ቅርጽ እንጂ ፊት የለውም።

«ባሌ ነው። ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው የሞተብኝ፤ እሷ ገና በሆዴ ነበረች። ሌላ ፎቶ የለንም። በሚቀጥለው ወር ልድራት ነው፤ ከቤቴ ሳትወጣ አባቷን ትይልኝ» አሉኝ።

«ችግር የለም እትዬ!» አልኩ በድፍረት። ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቼ ማጥሪያውን ከፈትኩ። በደንበኛው ስክሪን ላይ የአንድ ወጣት ፊት ቀስ ብሎ ወጣ።

«ኢላሊ!» አሉ እትዬ ጫልቱ፣ በኦሮምኛ እዪው ማለታቸው ነው። ለሊሴ አፏን በእጇ ያዘች።

አተምኩት። ያው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ቀለም ቀየርኩ፣ ደገምኩት፤ ያው ነው። በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ልሞክር ብል ፊቱ አመድ መሰለ። ጋሼ ሸምሱ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ካርዱ የሚያጠራው ስክሪኑን ብቻ ነው እንዴ?» አሉ። ለካ እሱ ነው! ካርዱ ፎቶውን ራሱን አልነካውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ብቻ ነው የሚታየው፤ ወረቀት ላይ አይወጣም» አልኳቸው።

እትዬ ጫልቱ አልተቆጡኝም። «እኔስ አውቀዋለሁ። እሷ እስክትጠግበው አታጥፋው» ብቻ አሉኝ።

ለሊሴ የታተመውን ዞር ብላም አላየችው። ደንበኛ ፀጉሩን የሚያበጥርበትን መስታወት ከግድግዳ አውርዳ ከስክሪኑ አጠገብ ያዘችው። አንዴ እሱን፣ አንዴ ራሷን እያየች ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን በጣቷ ነካካች። ብዙ ቆየች። ከዚያ መስታወቱን ቦታው ሰቅላ «እማ፣ በቃኝ፤ እንሂድ» አለች።

ዛሬ ያን ፎቶ ቢሰጡኝ አጥርቼ በአምስት ደቂቃ አትመው ነበር፤ ያኔ አለማወቄ አሁንም ይቆጨኛል። ለሊሴ ግን ይኼኔ አባቷ ከሞተበት ዕድሜ አልፋለች። መስታወት ፊት በቆመች ቁጥር፣ እሱ ያልደረሰበትን ዕድሜ በእሱ ፊት ላይ ታየዋለች።