ማውዝፒስ የሌለው ባንድ

ቡራዩ ውስጥ ስለ ኦቦ ዲሪርሳ ብትጠይቁ ግማሹ ሰው «አጠና ሻጩን ነው?» ብሎ ይመልስላችኋል። አጠና መሸጣቸው እውነት ነው፤ በመናገሻ በኩል ከአባታቸው መሬት የተረፈች ጥቂት ባህር ዛፍ አለቻቸው። ነገር ግን ለዚህች ከተማ ባንድ ያቆመ ሰው በአጠና ብቻ ሲጠራ መስማት ያናድዳል። የሰው ስም እንዲህ የሚቀል ከሆነ እኛም ከዚህ በኋላ ስለ ባህል፣ ስለ ኪነ ጥበብ እያልን ስብሰባ ባንጠራ ይሻላል።

ገና በወጣትነታቸው ለውትድርና ተመለመሉ። ሳንባቸው ሰፊ ነው ተባለና ወደ ሙዚቃ ክፍል ተላኩ። ትራምፔት ነፉ፣ ኖታ ተማሩ። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ግን እጃቸው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። አገራቸው ተመልሰው አረሱ፣ አጠና ሸጡ፣ ልጆች ዳሩ። ሞፈር ይዘው በባዶ ከንፈራቸው ማርሽ ሲነፉ የሚሰሟቸው ጎረቤቶች ጦርነቱ ነካክቷቸዋል እያሉ ያዝኑላቸው ነበር።

ብዙ ዓመት ቆይቶ በአንድ የተዘጋ ማሰልጠኛ መጋዘን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ተጥሎ እንደሚገኝ ሰሙ። ለምነው አስወጡት። የተጣመመ ትሮምቦን፣ ቁልፉ የወለቀ ክላርኔት፣ አይጥ የወለደችበት ቱባ። ራዲያተር የሚበይድ ሰው ፈልገው ቀዳዳውን አስደፈኑ። ከዚያ ሰው ሰበሰቡ፦ ገበሬ፣ የሚኒባስ ሹፌር፣ አስተማሪ፣ ሥራ ፈት። ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ቦታው ባዶውን የቆመ የእህል መጋዘን ሲሆን የገቡበትም በቃል ፈቃድ ነው። እነሱ ግን አዳራሽ ነበር የሚሉት።

ሁለተኛዋ መሪ ወርቅቱ ናት። በሙያዋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ክላርኔት ከኦቦ ዲሪርሳ ተምራ፣ ቆይታ ሌሎቹን ታስተምር ጀመር። ድምፅ የምታስተካክለው እሷ፣ ያጠፋውን ለይታ የምታስቆመው እሷ፣ እሳቸው ሲያማቸው እጇን አንስታ የምትመራው እሷ። ወደፊት ባንዱን እንደምትረከብም ሁሉም ያውቃል። የባንዱን ልብስም የሰፋችው እሷ ስትሆን ኪስ አላበጀችለትም። ትእዛዙ የኦቦ ዲሪርሳ ነበር፤ ተሰልፎ እጁን ኪሱ የሚከት ሙዚቀኛ ማየት አይወዱም።

ሌላው ደንባቸው ደግሞ ይኸው ነው፦ እጃቸው ከተነሳ ይነፋል። ብታስነጥስ፣ ዝንብ አፍንጫህ ላይ ብታርፍ፣ ቤትህ እየተቃጠለ ነው ቢሉህ ትነፋለህ። «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ፣ አፉር» ብለው ይቆጥራሉ፤ ከአፉር በኋላ ምክንያት የለም። ትልቁን ከበሮ የሚመታው ገብረየስ ቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴ ነው። አባቱ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። «አንተ ዕድሜህን ሙሉ እዚህ ኖረህ ኦሮምኛህ አራት ላይ ቆመ?» እያሉ ሲያበሽቁት «ምን ላድርግ፣ ኦቦ አምስት ብለው አያውቁ» ይላል።

የኦቦ ዲሪርሳ ሕልም አንዲት ነበረች። በደቦ አጨዳ ጊዜ ገበሬው የሚያዜመውን ዜማ ወስደው ማርሽ አድርገውታል። ከማሳው የወጣውን ዜማ መልሰው ለባለቤቱ፣ ለገዛ ከተማቸው ሰው በአደባባይ ማሰማት ፈለጉ። በየሠርጉ ነፍተዋል፤ ሠርግ ላይ ግን ማን ይሰማል፣ ሁሉም ጭፈራ ላይ ነው። እናም አንድ አዲስ መንገድ ሲመረቅ ባንዱ እንዲገኝ ጥሪ መጣ። ኦቦ ዲሪርሳ ያን ሰሞን ጠዋት ማታ ጢማቸውን ይላጩ እንደነበር ባለቤታቸው ትናገራለች።

በዋዜማው የበዓሉ አስተባባሪ ገመቺስ ወደ አዳራሹ መጣ። ጫማው ላይ ጭቃ እንዳይነካው በድንጋይ በድንጋይ እየረገጠ ገባ።

«ኦቦ ዲሪርሳ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ነገ በቀጥታ ነው የምትተላለፉት።»

«ጋሪ፣ ጥሩ ነው። እኛም ተዘጋጅተናል።»

«ድምፅ ግን አያስፈልግም።» ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። «ድምፁን ይዘነዋል። ፕሌይባክ ነው። እናንተ መሣሪያችሁን ይዛችሁ መቆም፣ መወዛወዝ ብቻ። ትልልቅ ዘፋኞችም የሚያደርጉት ነው።»

«ማርሻችንስ?»

«ሌላ ጊዜ ይቀርባል።»

ወርቅቱ ከኋላ ሆና «ታዲያ እኛን ምን አደከማችሁ? ከልብስ ቤት አሻንጉሊት አምጥታችሁ አትደረድሩም?» አለች።

ገመቺስ ዞር ብሎ አያት፤ ቀጥሎ ግድግዳውንና ጣሪያውን አየ። «እህቴ፣ ይህን ቤት የሚጠይቀን ብዙ ነው። እስካሁን ማን ዝም እንዳላችሁ አስቢበት።»

ኦቦ ዲሪርሳ «እሺ» አሉ።

«ኦቦ፣ እሺ አሉ?» አለች ወርቅቱ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቤቱን ከወሰዱብን የት ልታስተምሪያቸው ነው? የነገው ነገ ያልፋል። ቅዳሜ የራሳችንን እንነፋለን።»

እንግዲህ ፍላሹ በድምፅ ማጉያ እየተከፈተ ማስመሰል ተለማመዱ። የተከፈተው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የኪቦርድ ማርሽ ነው። የመሪው እጅ ሲነሳ ትሮምቦኑ ነፋ። «አትንፋ ተባልክ እኮ» ብሎ ገመቺስ ጮኸበት። እንደገና ጀመሩ፤ አሁን ቱባው ነፋ። ሰዎቹ አመፀኛ ሆነው አይደለም። እጅ ተነስቶ ዝም ማለት አልተማሩም። ገመቺስ «ነገ እንዲህ ካደረጋችሁ አለቀላችሁ» ብሎ ወጣ።

ኦቦ ዲሪርሳ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኋችሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ማውዝፒሱን አውልቁ።»

ማውዝፒስ ማለት አፍ ላይ የሚገጠመው፣ ከመሣሪያው ተነቅሎ የሚወጣው ቁራጭ ነው። እሱ ከሌለ ትሮምቦን የቧንቧ ብረት ነው። ወርቅቱ «በእጃችን እንያዘው፣ ምን ይታወቃል» ስትል «በየትኛው እጅ? ቁልፉን በምን ልትጫኑ ነው?» አሏት። ኪስ ደግሞ የለም። «እሺ ካልን በሙሉ ነው እሺ የምንለው» ብለው ጨረሱ። ሌላ ሰው ቢሆን እሺ ብሎ እንደገጠመ ይሄድ ነበር። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያድረው፤ እሺ ይላል፣ የልቡን ያደርጋል። እሳቸው ግን ትእዛዝ ሲቀበሉ እንደ ወታደር ነው፤ የሚያዋርዳቸውንም ትእዛዝ ሳይሸራርፉ ፈጸሙት። ማውዝፒሶቹ በወርቅቱ የስፌት ከረጢት ገብተው አዳራሹ ተቆለፈባቸው።

በማግስቱ ድንኳኑ ሞልቶ፣ ባንዱ ደረቱን ነፍቶ፣ የኪቦርዱ ማርሽ በትልልቁ ስፒከር እየጮኸ ሳለ መብራት ጠፋ። ለጀኔሬተሩ ነዳጅ ያሰበ ሰው አልነበረም። ለምንጣፉ ታስቧል፣ ለአበባው ታስቧል፣ ለአርማው ታስቧል።

ሰዉ ወደ ባንዱ ዞረ። ባንዱ መሣሪያውን አፉ ላይ እንደያዘ ነው፤ የመሪው እጅም አየር ላይ ነው። ድምፅ የለም።

«ንፉ እንጂ!» አለ አንዱ።

«ባንዱም መብራት ሄደበት» አለ ሌላው። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ስልኮች ተነሱ።

ወርቅቱ ክላርኔቷን ወንበር ላይ ጥላ ሮጠች። አዳራሹ ሩቅ አይደለም። በዚያ መሐል ገብረየስ፣ ካልነኩት የማይናገረው ሰውዬ፣ ከበሮውን አንድ ጊዜ መታ። ከበሮ ማውዝፒስ የለውም። ኦቦ ዲሪርሳ ዓይናቸውን ወደሱ አዞሩ፣ ሊሰማ በማይችል ድምፅ እስከ አፉር ቆጠሩ፣ የአጨዳውንም ማርሽ መምራት ጀመሩ። ባንዱ ተከተለ። ጣቶች ቁልፍ ይጫናሉ፣ ትሮምቦኑ ይሳባል ይገፋል፣ ጉንጮች ይነፋሉ። ከበሮ ብቻ ይሰማል። ቀኝ እጃቸው ለክላርኔቶቹ ቀስ በሉ ይላል፣ ግራው ቱባውን ይጠራል፤ አንድም ቦታ አልዘለሉም። ሳቁ ደግሞ እየባሰበት ሄደ።

ወርቅቱ ከረጢቷን ይዛ ስትመለስ ድንኳኑን የከበበው ገመድ ጋ ጠባቂ አስቆማት።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«የባንዱ ነው። ቶሎ በል፣ ከበሮው እየተሰማህ አይደል?»

ከረጢቱን ከፈተው። «ይሄ ሁሉ ብረት? ብረት አይገባም ተብሏል።»

«ወንድሜ፣ አፍ ላይ የሚገጠም ነው፤ እየው» ብላ የትራምፔቱን አንስታ ነፋችበት። ብቻውን ሲነፋ የበግ ግልገል ይመስላል። ጠባቂው ሳቀ።

«ደስ ይላል፤ ግን አለቃዬ ይምጣ።»

አለቃው አልመጣም። ገመዱ ላይ ተደግፋ በከበሮው ብቻ ማርሹን ተከታተለች። አሁን ትሮምቦኖቹ ይገባሉ። አሁን የእሷ ቦታ ነው፣ ዜማው ከፍ የሚልበት። አሁን ሁሉም አንድ ላይ። ከበሮው ቆመ። ወዲያው መብራት መጣና የኪቦርዱ ማርሽ ካቆመበት ቀጠለ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ቪዲዮው እስከ ሰበታ፣ እስከ ሱሉልታ ደረሰ። ማን ያልሳቀ አለ? ቅዳሜ ዕለት ባንዱ አዳራሹ ሲደርስ ቁልፉ ተቀይሯል፤ በዓሉን አሳፍራችኋል ተባሉ። ነዳጅ የረሳው ሰው እስካሁን አስተባባሪ ነው። እሱን የጠየቀ ጋዜጠኛ አላየሁም፣ ይጠየቅ ያለ ሽማግሌም አላየሁም። መሳቅ ስንችልበት እኮ።

ባንዱ ተበታተነ። ከፊሉ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ኮዬ ፈጬ ገባ፣ ከፊሉ አፍሮ ቀረ። ወርቅቱ የቀሩትን ጥቂቶች ሰብስባ በግቢዋ፣ በልብስ ማስጫው ሥር ልምምድ ጀመረች። ከዚያ በፊት ግን ኦቦ ዲሪርሳ ቤት ሄዳ ነበር። አጠና እየላጡ አገኘቻቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። «አንቱ ካልመጡ ማርሹን አንነካውም።»

«ንኩት። ያንቺ ነው።»

«ጠቡ ከነሱ ጋር ነው። እኛ ምን አደረግን?»

ልጣጩን ከቢላዋው ጠረጉ። «ያ ሁሉ ሰው ሲስቅባችሁ ዓይናችሁ እኔ ላይ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ወደ ሰዉ አላየም። አውልቁ ያልኳችሁ እኔ፣ እናንተ ደግሞ እጄን ትጠብቃላችሁ። ብመጣ እጄን አነሳለሁ፤ ባነሳ እንደገና ታምኑኛላችሁ።» ቢላዋውን አስቀመጡ። «እሱን አልችለውም፣ ኢንተላ ኮ።»

ለምናቸዋለች፣ አልቅሳባቸዋለች። ሽማግሌም ልካለች። አልመጡም።

ቤቷ አስፋልቱ ዳር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማል፣ አሁንም ከአንድ ሁለት ቦታ ይሳሳታል። ባለፈው ቅዳሜ ገብረየስ ወደ ልምምድ ሊሄድ ሱቁን ሲዘጋ ኦቦ ዲሪርሳን አያቸው። አጠና የጫነች አህያቸውን እየነዱ ከአስፋልቱ ወርደው፣ በገፈርሳ በኩል የሚዞረውን የጭቃ ዳገት ሊጀምሩ ነው።

«ኦቦ፣ በዚህ አይቀርብም?»

«አህያዋ አስፋልት ትፈራለች» አሉት ዞር ሳይሉ።

አህያዋ ግን ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዙራ ቆማለች፤ የአንገቷን ገመድ እየጎተቱ ወደ ዳገቱ ወሰዷት።