የወንድሜ ግራ እግር

ወንድሜን ከቀበርነው ዛሬ አምስተኛ ቀን ነው። ድንኳኑ አልተነሣም፤ ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ደክሞኛል። ስለ እሱ ሲያወሩ መስማት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

ታላቄ ነበር። በልጅነቱ ኩፍኝ ዓይኑን ወሰደበት። ሩጫ የጀመረው አሥረኛ ክፍል ሳለ ነው፤ መሪ ሯጩ እኔ ሆንኩ። አጭር ገመድ በእጃችን ይዘን ጎን ለጎን እንሮጣለን፤ መንገዱን በአፌ እነግረዋለሁ። "ኩርባ። ቀጥታ። ግፋ።" ጠዋት ጠዋት ሶዶ ስታዲየም፣ ቅዳሜ ደግሞ በኦቶና በኩል ዳገቱን። ደከመኝ ካልኩት ይስቅብኛል።

"የምታየው አንተ፣ የምሮጠው እኔ። ምንህ ነው የደከመው?"

አምና ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ አዲስ አበባ ሄድን። አሰልጣኛችን ስላመመው ሶዶ ቀረ። የሺህ አምስት መቶ ሜትሩ መጨረሻ ላይ አንደኛ ነበርን። ሕጉን አውቃለሁ፤ መሪው ከሯጩ ቀድሞ መስመሩን ማለፍ የለበትም። ግን ከጎናችን የሌላ ሯጭ ትንፋሽ መጣ። ደነገጥኩ። ደረቴን ወደ ፊት ጣልኩ፤ ወንድሜን በግማሽ እርምጃ ቀድሜ መስመሩን አለፍኩ።

እሱ አቅፎኝ ይስቃል። ዳኛው ወደ ጎን ጠርቶኝ ውጤታችን መሰረዙን ነገረኝ። ስመለስ "ምን አለህ?" አለኝ።

"ኩርባው ላይ የውስጡን መስመር ረግጣችኋል አሉ።"

"የኔ ግራ እግር ነዋ! በውስጥ በኩል የምሮጠው እኔ።"

ገመዱን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። አሰልጣኙም ያመነው የኔን ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ኩርባ ተለማመደ። ሌሎቹ ሲሄዱ "አንዴ ብቻ" ይላል። ያቺ አንዴ አሥር ትሆናለች። "አሁንስ እግሬ ገባ?" "አልገባም" እለዋለሁ። እውነቴን ነበር፤ ድሮም አልገባም። ስንት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ "ቀጥታ" ብያለሁ። በኋላ ኩላሊቱን ታመመ። ሆስፒታል ተኝቶም ስለ ኩርባው ያወራ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሞተ።

ዛሬ ከዲምቱ የመጡ ዘመዶች ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። "ውጭ አገር ሊሄድ ነበር አሉ፤ ምን ሆኖ ቀረ?" ብለው አንድ ሽማግሌ ጠየቁ።

"ግራ እግሩ ናት፣ አባባ። መስመር ረገጠችበት" አለች እናቴ። ለመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ስትል አምስት ቀን ሰምቻለሁ።

"እማዬ፣ እግሩ አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ ቀድሜው የገባሁት። ዋሽቼው ነው።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"ለሱ ነግረኸዋል?"

"አልነገርኩትም።"

አላለቀሰችም። በዚህ መሃል ከገሱባ የመጣ መኪና በር ላይ ቆመ፤ ለቀስተኞች እያለቀሱ ወረዱ። ተቀብለን አስቀመጥናቸው።

"ለእነሱም አንተ ንገራቸው" አለችኝ። "ከእንግዲህ የእግሩን ነገር የሚያነሳ ሰው እንዳልሰማ።"

ቆሜ ነገርኳቸው። ነገ ደግሞ ሌሎች ይመጣሉ።