አታ ኦካይጃ እጃቸውን የሰበሰቡበት ዙር

እዚህ የባሕር ዳር ሰፈራችን ቡኮም ውስጥ አታ ኦካይጃን «ግጥሚያ ሻጭ» የሚል ሰው ካለ መጥቶ ለኔ ይንገረኝ። በግጥሚያው ቀን የቦክስ መድረኩ ጥግ ላይ ባልዲውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከሳቸው እጅ እስከ ቦክሰኛችን ኦዶይ ግንባር ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም፤ እኔም ከሁለቱ አንድ ክንድ አልርቅም ነበር። ሌላው ሁሉ ከገመዱ ወዲያ ሆኖ የጮኸ ነው።

ስሜ ኖርቴ ነው። የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ፤ ግጥሚያ ሲኖር ደግሞ ለቦክሰኞቻችን ውሃ አቀብላለሁ። የኔ ሙያ አንድ ነገር ያስተምራል። ዘይት የሚያፈስ ሞተር ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀህ ሰዎቹን ባሕር ብትልካቸው፣ ጠገንክ አይባልም። አታለልክ ነው የሚባለው።

አታ ኦካይጃ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ «አታ» በኛ ቋንቋ አባት ማለት ነው። ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው። እንደ አብዛኞቻችን መጀመሪያ ዓሣ አጠመዱ፣ ቀጥሎ ቡጢ ገጠሙ፣ በመጨረሻ መረብ ጠጋኝ ሆኑ። አሥራ አንድ ጊዜ ተጋጥመው ሰባቱን ተሸንፈዋል። «እጄ መማር ያቃተውን አፍንጫዬ ተምሮታል» ይላሉ ጎባጣ አፍንጫቸውን እየነኩ። ጣታቸው ግን የመረብ ጠጋኝ ጣት ነው፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ የማይንቀጠቀጥ። ደም አቋሚ ያደረጋቸውም ይኸው ጣት ነው።

የሚሰድቧቸው ሰዎች ስለማያውቁት ሥራውን ልንገራችሁ። በሁለት ዙር መካከል ያለችው ዕረፍት አንድ ደቂቃ ናት። ቦክሰኛው በርጩማው ላይ እስኪቀመጥ አሥር ሰከንድ ይሄዳል፤ እስኪነሳ ሌላ አሥር። ቀሪዋ አርባ ናት። ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት መድኃኒት ነክረህ ቁስሉ ውስጥ ትጫናለህ። አትጠርግም፤ ትጫናለህ። ላዩን ቫዝሊን ትለብጠዋለህ። ያበጠውን በበረዶ በቀዘቀዘ ብረት ታስተኛለህ። ሐኪሙ ብቅ ሲል የሚያየው ደረቅ ቅንድብ ነው። አታ ኦካይጃ ሲሠሩት ቁስሉ የተሰፋ ይመስል ነበር። ከሎሜና ከሌጎስ ሳይቀር እየመጡ ይወስዷቸው ነበር።

አጄቴን ያጠፋውም ይሄው ሙያ ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አጄቴ የሚባል ቦክሰኛ ነበረን። በአንድ ግጥሚያ ሁለቱም ቅንድቦቹ ተተርትረው አታ ኦካይጃ ሰባት ጊዜ ዘጉለት። ሐኪሙ ሰባት ጊዜ መጣ፣ ሰባት ጊዜ «ይቀጥል» አለ። አጄቴ አሸነፈ። ሰፈሩ በትከሻ ተሸክሞት ዞረ። ዛሬ አጄቴ ማንኪያ ሲያነሳ አፉን ይስታል፤ የእናቱ ስም ይጠፋዋል። እነዚያ የተሸከሙት ትከሻዎች የት ገቡ? በሩን የሚያንኳኳ አንድም የለም። እሁድ እሁድ ኬንኬይ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ምግብና የተጠበሰ ዓሣ ይዘው የሚሄዱት አታ ኦካይጃ ብቻ ናቸው። እሾኩን ለቅመው ያጎርሱታል። «ባልዘጋለት ኖሮ በአራተኛው ዙር ያስቆሙት ነበር» ብለውኛል አንድ ቀን። ሁለተኛ አላነሱትም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

አሁን ደግሞ ወደ ሐኪሙ ጣት ልምጣ። የቦክስ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ የሚልከው ሐኪም የቦክሰኛን ዓይን ሲመረምር አንዱን ዓይን ይሸፍንና መጀመሪያ ሁለት ጣት ያሳያል፤ ቀጥሎ ሦስት። ሁልጊዜ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቀይሮት አያውቅም። ቡኮም ውስጥ ጓንት ያላጠለቀ ሕፃን እንኳ ይሄን ያውቃል። ታላቅ ለታናሹ መከላከልን ከማስተማሩ በፊት «ባይታይህም መጀመሪያ ሁለት በል፣ ከዚያ ሦስት በል» ይለዋል። እኛም እንስቃለን። እኔም ስቄያለሁ። መታወሪያ ዘዴውን ለልጁ እያስጠና የሚስቅ ሰፈር ሌላ ቦታ ካለ አላውቅም።

ግጥሚያው የገና ማግስት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ኦዶይ የናአ ዴዴ ልጅ ነው፤ እናቱ ማሠልጠኛው በር ላይ ኬንኬይ ትሸጣለች። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ግራ እጁ እንደ መብረቅ ነው። ከሎሜ ከመጣ ልጅ ጋር ለምዕራብ አፍሪካ ቀበቶ አሥራ ሁለት ዙር ሊገጥም ነበር። ያ ወር ከበረሃ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ከንፈር የሚሰነጥቅበት ወር ነው፤ በዚያ ሰሞን ቅንድብ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። በአምስተኛው ዙር የሎሜው ቀኝ እጅ የኦዶይን ግራ ቅንድብ ከፈተው። ዳኛው ከቡጢ የመጣ ቁስል ነው ብሎ አሳወቀ። ስለዚህ በዚያ ቁስል ሳቢያ ግጥሚያው ከቆመ ኦዶይ ተሸነፈ ማለት ነው። አታ ኦካይጃ ዘጉት። ስድስተኛው አለቀ፣ ዘጉት። ሰባተኛው አለቀ፣ ዘጉት። ኦዶይ በነጥብ እየመራ ነበር።

ከስምንተኛው ዙር በኋላ ጠርሙሱን በግራ በኩል አቀረብኩለት። ከንፈሩን እስኪነካው አላየውም፤ ሲነካው ደነገጠ። አታ ኦካይጃም አዩ። ጥጡን እንደተጫኑ፣ ደህናውን ቀኝ ዓይኑን በስፖንጁ እንድሸፍን በአገጫቸው አመለከቱኝ። ሸፈንኩት። ነጻ እጃቸውን ከፊቱ ከፍ አደረጉ።

«ስንት ነው?»

«ሁለት» አለ ኦዶይ።

ያሳዩት የተጨበጠ እጅ ነበር። አንድ ጣት እንኳ አልተዘረጋም።

እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ «አሁንስ?» አሉት።

«ሦስት። ደህና ነኝ እኮ አታ! ቶሎ ዝጉልኝ!»

ስፖንጁን ከቀኝ ዓይኑ ላይ አነሳሁ። አታ ኦካይጃ ወደ አሰልጣኙ ዞሩ። «ባርኖር፣ ፎጣውን ወርውር። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል።»

ፎጣው ባርኖር አንገት ላይ ነበር። እሱን ወርውሮ ግጥሚያውን ማስቆም የሚችለው የጥጉ አለቃ፣ ማለትም አሰልጣኙ፣ ብቻ ነው፤ ደም አቋሚ ቢጮህ ዳኛው አይሰማውም።

«አብደዋል እንዴ?» አለ ባርኖር። «እየመራን ነው! አራት ዙር ነው የቀረው!»

«የጨበጥኩትን እጅ ሁለት ነው አለኝ።»

«ታዲያ በአንድ ዓይኑ ይጨርሰዋ! የሎሜው በሁለቱ ዓይኑ ምን ፈየደ?»

ኦዶይ ሰምቷል። የአፉን መከላከያ ተፍቶ ጮኸ፦ «ማንም እንዳይወረውርብኝ! ፎጣ ተወርውሮብኝ በየትኛው ፊቴ ነው ቡኮም ውስጥ የምሄደው? ዓይኑ የኔ ነው!»

«ያንተ ስለሆነማ ነው የምለምንህ» አሉት።

«አይለምኑኝ። ይዝጉልኝ!»

ደወሉ ጮኸ። ተነስቶ ሄደ።

በዘጠነኛው ዙር የሎሜው ልጅ ነገሩን ነቃበት። በግራ በኩል የሚመጣው ቡጢ ሁሉ እንዲያው ይገባ ጀመር። ሕዝቡ «ኦዶይ! ኦዶይ!» ይላል። ምን እያየ ነው የሚጮኸው? ቅንድቡ እንደገና ተከፍቶ ኦዶይ ወደ በርጩማው ሲመለስ ደሙ ደረቱ ላይ ደርሶ ነበር።

አታ ኦካይጃ ቁስሉን አዩት። አዲሱን ባለጥጥ እንጨት እንደ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰኩት። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ከደኑ። ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

«ምን ሆኑ?» አለ ባርኖር። «አታ! ምን ሆኑ? ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

«ዝጉልኝ» አለ ኦዶይ። «አታ፣ በናትዎ! ዝጉልኝ!»

እዚህ ላይ የራሴን አልደብቅም። እጄን ሰድጄ ጥጡን ከጆሯቸው ልነጥቅ ነበር። አንጓዬን በጥፊ መቱኝ፤ እስከ ክንዴ ነዘረኝ። «ይሄኛውን አልሸፍንም» አሉ። የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። አርባዋ ሰከንድ እንዲህ አለቀች። ሥራቸውን በደንብ የሚያውቁ ሰው ሳይሠሩ የቆሙባት አርባ ሰከንድ።

ዳኛው ደሙን አይቶ ሐኪሙን ጠራ። ሐኪሙ መጣ፣ ቀኝ ዓይኑን ሸፈነ፣ ሁለት ጣት አሳየ። «ሁለት።» ሦስት አሳየ። «ሦስት።» ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ዓይኑ ደህና ነው። ይሄን ደም ግን ማለፍ አልችልም» አለና ግጥሚያው እንዲቆም እጁን አወዛወዘ።

ዓይኑ ደህና ነው! በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። በላስቲክ የታሸገ ውሃ እንደ ድንጋይ ዘነበብን። ባርኖር የአታ ኦካይጃን የመድኃኒት ሣጥን ከመድረኩ በእግሩ ገፍትሮ ጣለው፤ ብረቱ ወለሉ ላይ ሲያቃጭል ዛሬም ይሰማኛል። «ሸጡን! ሎሜዎች ገዝተውታል!» አለ። ሕዝቡ ከአፉ ተቀበለው። በማግስቱ አታ ኦካይጃ እንደ ልማዳቸው ለአጄቴ ኬንኬይ ሊገዙ ናአ ዴዴ ዘንድ ሄዱ። ድስቱ ሞልቶ እየጨሰ ነበር። «አልቋል» አለቻቸው። ቆመው ድስቱን አዩ። «እሺ፣ ልጄ» ብለው ሄዱ።

ኦዶይን ማን ሐኪም ቤት ወሰደው? ማንም! የግጥሚያው ሐኪም ቅንድቡን እዚያው ሰፍቶ ሸኘው፤ ዓይኑ ደህና ነው ተብሏላ። እሱም አይሄድም። ዓይኑ መጥፋቱ ከተጻፈ ፈቃዱ ይነጠቃል። ባርኖር የመልስ ግጥሚያ እያፈላለገ ነበር። ዓይን ሞተር አይደለም፣ ፈትቼ አላየሁም። ግን የላላ ነገር ሲንቀጠቀጥ ሲውል ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄጄ ለመንኩት፤ ሁለቴም በሩን ዘጋብኝ።

በኛ ልማድ ማክሰኞ ባሕር አይወጣም፤ የኛ ሰው ማክሰኞ መረቡን ነው የሚጠግነው። ስለዚህ ከግጥሚያው በሦስተኛው ቀን የባሕሩ ዳርቻ በሰው ተሞልቶ ነበር። አታ ኦካይጃ የጀልባ ጥላ ሥር ተቀምጠው መረባቸውን በእግራቸው ጣት ወጥረው ይሰፋሉ። እኔ አጠገባቸው አንድ ሞተር ፈትቻለሁ። ኦዶይ ከላይ መጣ፤ ቅንድቡ በስፌት፣ ፊቱ እንደ ከበሮ አብጦ። በግራው በኩል የተዘረጋው የመልሕቅ ገመድ አደናቀፈው፤ በጉልበቱ ወደቀ። አንዱ ወጣት «ሻምፒዮን፣ ገመዱም ጣለህ?» አለ። ተሳቀ።

ኦዶይ ተነስቶ አታ ኦካይጃ ፊት ቆመ። «አንተ ሽማግሌ!» አላቸው። እድሜ ልኩን «እርስዎ» ያላቸው ልጅ ነው። «ስንት ሰጡህ? ንገረኝ! በሕዝቡ ፊት ንገረኝ!»

«ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም! ሦስት ዙር ነበር የቀረኝ! ሦስት! ዕድሜዬን ሙሉ የሮጥኩለትን ነገር፣ ጥጥ ጆሮህ ላይ ሰክተህ ገደልከው!»

አታ ኦካይጃ መርፌውን መረቡ ላይ ሰክተው ተነሱ። ቁመታቸው ትከሻው ጋ ነው። ሳይጠይቁት፣ ዓሣ ዓሣ በሚሸተው መዳፋቸው ቀኝ ዓይኑን ሸፈኑት። ሌላኛው እጃቸውን ጨብጠው አነሱ።

«ስንት ነው?»

«ሁለት!» አለ ኦዶይ በቁጣ። በልማድ ነው የወጣው።

ማንም አልሳቀም። ያ የቀለደው ወጣት ቀስ ብሎ «ጨብጠው ነው እኮ፣ ኦዶይ» አለ።

«ጥጉም ላይ ያሳየሁህ ይሄንኑ ነው» አሉ አታ ኦካይጃ። «ሁለት አልከኝ። ሳልነቃነቅ ሦስት አልከኝ። ያንተን ዘግቼ አጄቴ ጎን ላስቀምጥህ? ሁለት ሰው ለማጉረስ እጄ አይበቃም። አሁን እንደገና ንገረኝ። ስንት ነው?»

የኦዶይ ግራ ዓይን ክፍት ነው፤ የሚያየው ግን የለም። እጁን አነሳ። ይመታቸዋል ብዬ መፍቻዬን ጨበጥኩ። መዳፋቸውን ከፊቱ አሽቀነጠረ።

«አይታየኝም!» ብሎ ጮኸ። «አይታየኝም፣ አይታየኝም! ቅዳሜም አልታየኝም! ደስ አለህ አሁን?»

«አላለኝም» አሉት። «ኖርቴ፣ እጅህን ታጠብና ታክሲ ጥራ።»

እጄን አልታጠብኩም። ግራሶው እጄ ላይ እንዳለ ታክሲ ፍለጋ ሮጥኩ።

በዚያው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የዓይን ሐኪሟ ከዓይኑ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ተላቆ እንደነበር ነገረችን። ጥቂት ቡጢ ቢጨመርበት ወይም ሳምንት ቢዘገይ ሙሉ በሙሉ ይጠፋ ነበር አለች። ግማሹ ተመልሷል። በዚያ ዓይን ፊት ይለያል፤ ጽሑፍ አያነብም። ፈቃዱ ተሰርዟል። አሁን ከኔ ጋር ሞተር ይፈታል። ጎበዝ ነው፤ አኩራፊ ነው። አታ ኦካይጃን እንደገና «እርስዎ» ማለት ጀምሯል፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም፣ እሳቸውም አልጠበቁም። ናአ ዴዴ ኬንኬይ ትሸጥላቸዋለች፤ በርበሬውን ግን አትጨምርላቸውም።

ባርኖር እስከ ዛሬ በየመጠጥ ቤቱ «ሸጡን» ይላል። ማሠልጠኛው ሌላ ደም አቋሚ ቀጥሯል፤ በጣም ጎበዝ ነው ይባላል። እኔ ለፈቃድ ሰጪው ቢሮ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ አንድ ገጽ፣ ከቀኑና ከዙሩ ጋር። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ ሐኪማችሁ አንዳንዴ አራት ጣት ያሳይ። አንዳንዴም ምንም አያሳይ። አምስት ወር ሆነው፤ መልስ የለም። ባለፈው ቅዳሜ ግጥሚያ ነበረና ሄጄ ቆሜ አየሁት። ሐኪሙ ወደ ጥጉ ወጣ፣ የልጁን ዓይን ሸፈነ፣ ሁለት ጣት አሳየ።