ሆዱ ያልተቀደደው ዓሣ

የሚስቴን አባት ሦስት ዓመት ሙሉ በዓሣ ዋሽቻቸዋለሁ። ይህን ስጽፍ ማፈር ነበረብኝ፤ ግን ሳቄ ይቀድመኛል።

ነገሩ የጀመረው ሽማግሌ የላክኩ ጊዜ ነው። እሳቸው አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ የሠሩ፣ ቃላቸውንም እንደ ወርቁ በግራም የሚመዝኑ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ በቀጠሮ መለሷቸው። በሦስተኛው፣ "ልጁ ክፉ አይደለም፤ ወሬው ግን ይበዛል" ብለው ፈቀዱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህችን ቃል ሳያጓድል ስልክ ደውሎ ነገረኝ። ልጃቸውን አግብቼ ስቶክሆልም ከገባንም በኋላ ነገሩ እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ስለዚህ የቁም ነገር ሰው መሆኔን ላሳያቸው ፈለግኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ማጥመድ ጀምሬ ነበር፤ ማጥመዱን እንጂ መያዙን አልጀመርኩም። ፊስኬኮርቴን፣ ማለትም የማጥመጃ ፈቃዴን፣ በስልክ አወጣለሁ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሁዲንጌ በአውቶቡስ እወርድና አንድ ሐይቅ ዳር እቀመጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ባዶ እጄን እነሳለሁ። ስመለስ ዓሣ መሸጫ ጎራ ብዬ አንድ ደህና ዓሣ እገዛና ከቤታችን ጀርባ ካለችው ኩሬ ዳር ከፍ አድርጌ ይዤው እቆማለሁ። ፎቶ አንሺዋ ሚስቴ ናት፤ ፎቶውን ለአባቷ እልካለሁ።

"ላባትሽ ብዬ እኮ ነው" እላታለሁ።

"ለራስህ ብለህ ነው" ትለኛለች። ግን ታነሳኛለች፤ እየሳቀች ስለምታነሳ ግማሹ ፎቶ ይደበዝዛል። አንድ ጊዜማ ሐይቅ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ የባሕር ዓሣ ይዤ ተነሣሁ። የአባቷ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "አየሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ።"

ባለፈው በጋ ለአንድ ወር ሊጠይቁን መጡ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ "ያ ዓሣ የሚይዙበት ቦታ ሩቅ ነው?" አማች ይከበራል በሚለው ወግ እኔንም አንቱ ነው የሚሉኝ።

ውሃ ሆንኩ። ሚስቴ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ፊቷን እዚያ ውስጥ ደበቀች። የፈራሁት በዓሣው መዋረድን ብቻ አልነበረም። በየሳምንቱ ስልክ ደውለው "ልጄ ደህና ናት?" ይሉኛል፤ እኔም "ደህና ናት" እላቸዋለሁ። በዓሣ የዋሸ ሰው በልጃቸው እንዴት ይታመናል? 

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ተጣጣፊዋን ወንበር ዘረጋሁላቸው፤ ደህናውንም የማጥመጃ ዘንግ አቀበልኳቸው። "እርስዎ ይሥሩ፤ እኔ ልይ" ብለው መለሱልኝ። አላመለጥኩም። ከክሩ ጫፍ ጂጉን አሰርኩ። ጂግ ማለት ራሱ እርሳስ፣ ጭራው ላስቲክ የሆነ ትንሽ መንጠቆ ነው። ከፍ ብሎ ደግሞ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ አስገባሁና ወረወርኩ። ቡሹ ግማሽ አካሉን ከውሃ አውጥቶ እንደ ባለሥልጣን ተንጎማለለ። ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አለና ተወው።

"ምን ሆነ?"

"ነፋስ ነው፣ አባባ።"

ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። እሳቸው ቀና ብለው ዛፎቹን አዩ፤ ከዚያ ቡሹን አውጥቼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

"ይህ ስንት ይሸከማል?"

ጎኑ ላይ ተጽፏል። "ሦስት ግራም።"

"መንጠቆውስ?"

"አንድ ግራም።"

"ታዲያ ሁለቱ ግራም የት ሄደ?"

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። "ዓሣው ይህን ሁሉ ቡሽ ጎትቶ እንዲያሰምጥልዎ ነው የሚጠብቁት? ቀምሶ ይተፋዋል እንጂ" አሉኝ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ለዓሣው ብዬ ያመጣሁትን፣ ዓሣ ገብቶበት የማያውቀውን ባልዲ ውሃ አስሞሉኝ። ከሳጥኔ ውስጥ ከፍቻቸው የማላውቃቸውን ትንንሽ የእርሳስ ፍሬዎች አወጡና ከቡሹ ሥር ክሩ ላይ አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ያጣብቋቸው ጀመር። አንድ ይጨምራሉ፣ ባልዲው ውስጥ ያያሉ። ሲበዛ ቡሹ ጭልጥ ብሎ ይሰምጣል፤ አንዷን ያነሱና ከእሷ ያነሰች ይፈልጋሉ። የሰባ ሁለት ዓመት እጅ ነው፤ ሻይ ሲጠጡ የሚንቀጠቀጠው እጅ እዚያ ላይ ቀጥ አለ። በመጨረሻ ከውሃው በላይ የቀረችው የምስር ክክ የምታህል ቀይ ጫፍ ብቻ ሆነች።

"አሁን ይጣሉ።"

ጣልኩ። ብዙም አልቆየን፤ ቀይዋ ጫፍ ድምፅ ሳታሰማ ጠፋች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"ሳብ እንጂ፣ ምን ያፈዝሃል!" ብለው ጮኹ። አንቱታው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ገባ።

ሳብኩ። ስዊድኖቹ አቦሬ የሚሉት፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት ዓሣ እየተወራጨ ወጣ። ጥብቅ አድርጌ ስይዘው የጀርባው እሾህ መዳፌን ወጋኝና ጮኽኩ። ያን ሁሉ ዓሣ ይዞ የተነሳ ሰው ዓሣ መያዝ እንደማይችል ቆመው ተመለከቱ። ከዚያ ተቀበሉኝ፣ ገለበጡት፣ ሆዱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"ይኼኛው ሆዱ አልተቀደደም" አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ፊቴ ነደደ። ዓሣ መሸጫው የሆድ ዕቃውን አጽድቶ ነው የሚሸጠው።

"ሁሉንም አይተዋል?"

"ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

ዓሣውን ባልዲው ውስጥ አስገብተው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። "ዓሣውን መች አየሁት" አሉ። "ልጄ ፀሐይ ከኋላዋ ሆኖ ነው የምታነሳህ። ጥላዋ ከእግርህ ሥር ሣሩ ላይ ይታያል። ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እናቷና እኔ የምናየው እሱን ነው።"

 ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በተወጋው መዳፌ አሳበብኩ።

እሳቸው ግን ጊዜ አላጠፉም። ዓሣውን መልሰው አነሱና ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ፤ አንሣኝ አሉ። አነሣኋቸው። ወዲያው አዲስ አበባ ለባለቤታቸው ደወሉ። "እኔ ነኝ የያዝኩት! በመጀመሪያው ቀን! የልጅሽ ባልማ እሾህ ወግቶት ሲጮህ ነበር" አሏቸው። በሕይወቴ የያዝኩት አንድ ዓሣ ከእጄ ወጥቶ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ማዶ ያሉት እማማ አላመኗቸውም መሰለኝ፣ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት።

"ንገራት እንጂ" አሉኝ፤ "ወሬ ታውቅበት የለ?"

"እውነታቸውን ነው፣ እማማ" አልኩ። "እሳቸው ናቸው የያዙት።"