ከዱዓው የቀደመው አሚን

ከጎንደር የተነሳሁት በአንድ የሰርግ ቪዲዮ ምክንያት ነው። ሙሽራዋ ዘሃራ ጎረቤቴ ናት። አባቷ ሐጂ ኑር ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ሱቅ አላቸው፤ ያን ሰሞን ታመው ስለነበር ኒካሁ ላይ አልተገኙም። ዱዓ ያደረጉት በስልክ ነው። እሳቸው እዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ እኛ እዚህ ስልኩን ማይክሮፎን ላይ ደግነን አሚን አልን። የእኛን ወገን በካሜራ ቀረጽኩ፤ የእሳቸውን የወንድማቸው ልጅ ጀማል በሞባይሉ ቀረጸ። የእኔ ስራ ሁለቱን አገጣጥሞ አባትን ሰርጉ ላይ ማስቀመጥ ነበር።

ስሰናበታት ዘሃራ፣ "ሲዲውንማ ማንም ያደርስልኛል። አንተ አባዬ ሲያየው ፊቱን አይተህ ትነግረኛለህ" አለችኝ።

መተማ

አውቶቡሱ መተማ ሲደርስ ሙቀቱ ሸሚዝ ያስወልቃል። የድንበሩን ድልድይ በእግር ተሻግሬ ሱዳን በኩል ገላባት ላይ ፒካፕ ያዝኩ። ሹፌሩ ከሰማሁት ዋጋ እጥፍ ጠራ፤ ተከራክሬ ተከራክሬ ተሸነፍኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ የተገመሰ ጥቁር አፈር ነው። ወደ ፋሽጋ እርሻ የሚሄዱ የቀን ሰራተኞች ጨርቃቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ፤ ዝናቡ ገና አልጣለም።

ገዳሪፍ

ሐጂ ድነው ጠበቁኝ። ሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል አቀረቡልኝና ገና ሳልጨርስ እጃቸውን ላፕቶፑ ክዳን ላይ አሳረፉ።

"በል አሳየኝ።"

የእሳቸውን ወገን ያቀናበርኩት ጀማል በኢንተርኔት በላከልኝ፣ መጠኑ በተቀነሰ ቀላል ቅጂ ነበር። ዋናው እሱ ሞባይል ላይ ቀርቷል።

"ይሄ ደብዛዛ ነው ሐጂ። ነገ ጥርት ያለውን አሳይዎታለሁ።"

"ልጄን ካወቅኋት ይበቃኛል።"

"አንድ ቀን ብቻ ይታገሱኝ።"

"እሺ ልጄ" አሉና እጃቸውን አነሱ።

ማታ ዋናውን ከጀማል ሞባይል ወስጄ በቅጂው ቦታ ስተካ ጉድ ፈላ። መጀመሪያው ይገጥማል፤ እየቆየ የሐጂ ምስል ይዘገያል። መጨረሻው ላይ ሰርገኛው አሚን ብሎ ሲቀመጥ ሐጂ ገና እጃቸውን ሲዘረጉ ይታያሉ።

"ያ አኺ፣ ሙሽኪላው ምንድነው፣ ምን ችግር ነው? አሚኑ ቀደመ እኮ" አለ ጀማል።

ቆረጥኩ፣ ገፋሁ፣ ሳብኩ፤ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይሸሻል። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የእኔ ካሜራ በሴኮንድ ሃያ አምስት ምስል ያነሳል፣ ሞባይሉ ሠላሳ ገደማ፣ እሱም ከፍ ዝቅ እያለ። ቅጂው ሲቀነስ ወደ ሃያ አምስት ወርዶ ኖሯል፤ እኔም የቆረጥኩት በዚያ ነው። ዋናው ሲገባ ፕሮግራሙ ሴኮንዱን ትቶ ምስል መቁጠር ያዘ። መላው ዋናውን ርዝመቱን ሳይለውጡ ወደ ቋሚ ሃያ አምስት ቀይሮ እንደገና መተካት ነው። ግን መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ ላፕቶፔም አሮጌ፣ ስራው ለማግስቱ አደረ።

ዝናቡ

ጠዋት ዘነበ። እዚያ አገር የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እርሻ ያለው ሰው ጥቁሩ አፈር ጨርሶ ሳይጨቀይ ይወጣል፤ ከዘገየ ትራክተርም አያልፍም። ሐጂም ቁረይሻ የሚባል ቦታ የሰሊጥ መሬት አላቸው። ጎማ ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆሙ።

"ደረሰ?"

"ግማሽ ሄዷል፣ ሐጂ።"

"ከላስ፣ በቃ፣ ስመለስ አየዋለሁ" ብለው ትራክተሩ ተጎታች ላይ ወጡ። የዚያን ጊዜ እንኳ ቅጂውን ክፈትላቸው የሚል ሀሳብ አልመጣልኝም፤ ዓይኔ ላፕቶፑ የሚቆጥረው መቶኛ ላይ ነበር።

ቀትር ላይ አለቀ። አሚኑ ዱዓውን ተከትሎ ቦታው ላይ ወደቀ፤ ከጀማል ሌላ ያየው ሰው ግን አልነበረም። ሐጂ ከእርሻ በቶሎ አይመለሱም፣ የመቆያ ፈቃዴም ሊያልቅ ስለሆነ ሲዲውን ሱቁ ውስጥ ትቼ ተመለስኩ።

ጎንደር

ከዚያ ወዲህ ለማንም ቤተሰብ ቀላሉን ቅጂ አስቀድሜ አሳያለሁ፤ ጥራቱ ይደርሳል። ይህ ትምህርት ግን ለዘሃራ አልጠቀማትም። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ መጣች።

"እሺ፣ ፊቱ እንዴት ነበር?"

ሁሉንም ነገርኳት፤ እጃቸው ክዳኑ ላይ እንደነበረም አልደበቅኳትም።

"ነገ ስትለው ምን አለህ?"

"'እሺ ልጄ' አሉኝ።"

ዘሃራ ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች።

"አባዬ እንዲህ የሚለው ሲከፋው ነው" አለች።