በአንድ ዓመት የሳትኩት ኅዳር

ባለፈው ሰኞ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሳለ አንዲት ወጣት ጠበቃ ደወለችልኝ። ወላጆቿ ከኮሪያ የመጡ፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። የቀድሞ አለቃዬ ሊየን ጡረታ ልትወጣ ስለሆነ የአካባቢው የእስያ ጠበቆች የምሳ ግብዣ እያዘጋጁላት ነው። "አንቺ እጇ ላይ ያደግሽ ነሽ አሉኝ፤ አምስት ደቂቃ ትናገሪልናለሽ?" አለችኝ። በደስታ እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስለ ትጋቷ፣ ስለ ቅንነቷ ጥቂት መስመር ጻፍኩና መልሼ ሳነበው የማንም ሰው ታሪክ ሊሆን የሚችል ሆኖ አገኘሁት። ስለ ሊየን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያመሰገነችኝ ቀን አይደለም፤ የአንድ ሰው ሕይወት በእኔ እጅ ሊበላሽ የነበረበት ሰሞን ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በዲቪ ከአባቴ ጋር ከመጣን አራት ዓመት ሆኖናል፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ክሪስታል ሲቲ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራሉ። እኔ ቀን ቀን ሊየን ቢሮ ስልክ አነሳለሁ፣ ፋይል አደራጃለሁ፣ ሐበሻ ደንበኛ ሲመጣ አስተረጉማለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። ቢሮው ዲዩክ ስትሪት ላይ ከአንድ ላውንደሪ በላይ ስለነበር ክረምት ከበጋ የእንፋሎትና የሳሙና ሽታ አይለየንም። በሩ ላይ የተጻፈው የሊየን የአባት ስም ንጉየን ነው። አባቴ ይህን ስም አንድም ቀን አስተካክለው ጠርተውት አያውቁም፤ "የንጉሤ ልጅ እንዴት ናት?" ነበር የሚሉኝ።

ይህን ስጽፍ ሊየንን "እሳቸው" ልበላት ወይስ "እሷ" እያልኩ ተቸግሬያለሁ። በሃያ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አለቃዬም መምህሬም ነበረች። ግን የተነጋገርነው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ አንቱታ የለም። "እሷ" ማለቱ ይቀርበኛል። ከቬትናም በልጅነቷ በስደት መጥታ፣ ዓሣ ስታጸዳ ኖራ፣ ሁለት ልጅ ከወለደች በኋላ ነው ሕግ የተማረችው። ብዙ አታወራም። ስታስብ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ትጠርገዋለች፤ ያኔ ዝም ማለት እንዳለብኝ ገና በሁለተኛው ሳምንት ገብቶኛል።

አቶ ደምሴ ከደንበኞቻችን አንዱ ነበሩ። ደሴ ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ታስረው፣ ተደብድበው፣ ከተፈቱ በኋላ አገር ጥለው ወጥተዋል። ሄርንደን የእህታቸው ልጅ ቤት ሆነው የጥገኝነት ጉዳያቸው የሚታይበትን ቀን ሦስት ዓመት ጠበቁ። ቢሮ ሲመጡ ሁልጊዜ ከረባት አስረው ነው። ታሪካቸውን በአማርኛ ጽፈው ሰጡኝ፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ከታች "ሁለቱንም ቋንቋ በሚገባ አውቃለሁ" ብዬ ፈርሜበታለሁ።

የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ይደመራል። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። አቶ ደምሴ የታሰሩት በኅዳር ነው። እኔ ስምንት ደመርኩ። ፈተና ደርሶብኝ ቸኩዬ ነበር፤ ግን ችኮላ ብቻ አይመስለኝም። በጣም የማውቀው ነገር ስለነበር አላሰብኩበትም።

ፍርድ ቤት የቀረብንበት ቀን የጥቅምት መጀመሪያ ነበር፤ የዛፉ ቅጠል መቅላት ጀምሯል። ሊየን ከደንበኛዋ ጎን፣ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጠናል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁሉም ነገር በደህና ሄደ። ከዚያ የመንግሥት ጠበቃው ሁለት ወረቀት ይዞ ተነሳ። አንዱ አቶ ደምሴ ከእስር እንደወጡ የታከሙበት የሆስፒታል ወረቀት ነው፤ ጥር ውስጥ የተሰጠ፣ ቀኑ በፈረንጅ የተጻፈ። ሌላው እኔ የተረጎምኩት ቃላቸው ነው።

"በዚህ ወረቀት መሠረት በጃንዋሪ ታክመዋል። በራስዎ ቃል ደግሞ የታሰሩት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ከመታሰርዎ ከአሥር ወር በፊት ነው እንዴ የተደበደቡት?" ብሎ ጠየቃቸው።

የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ጥያቄውን በአማርኛ አቀረበላቸው። አቶ ደምሴ ግራ ተጋቡ። "የታሰርኩት ኅዳር ነው፤ የተፈታሁት በጥር" አሉ። ዓመቱን ሲጠየቁ በእኛ አቆጣጠር ተናገሩ፤ አስተርጓሚው በትክክል መልሶ ሲያቀርበው ከጽሑፉ ጋር በአንድ ዓመት ተለያየ። ዳኛዋ ቀና ብለው አዩአቸውና አንድ ነገር ጻፉ። እኔ ከኋላ ሆኜ በጣቴ እቆጥር ነበር። ስምንተኛው ጣት ላይ ስደርስ የተሳሳትኩት እኔ መሆኔ ገባኝ። ጊዜው ስላለቀ ዳኛዋ ለሦስት ሳምንት ቀጠሩን።

አቶ ደምሴን ሄርንደን ለማድረስ በሊየን መኪና ሄድን። ሊየን መንገዱን እያየች ትነዳለች። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ለሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻዬ ሊየን የድጋፍ ደብዳቤ ልትጽፍልኝ ቃል ገብታልኛለች፤ እሱን አሰብኩ። የአባቴን ፊት አሰብኩ። ሊየን ራሷ አይታ ትደርስበታለች ብዬም ተመኘሁ። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አቶ ደምሴ ሳይቀጠሩ መጡ። ከረባት አላሰሩም። ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ሰብለ ልጄ፣ እኔ ተሳስቼ ይሆን?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"የታሰርኩበትን ዓመት። ሁለት ቀን ሙሉ ስቆጥር ዋልኩ። የተማሪዎቼን ክፍል እያሰብኩ፣ የልጄን ሠርግ እያሰብኩ ቆጠርኩ። ሰው ሲያረጅ ይረሳል። እነሱ ያሉት ልክ ከሆነ እኮ እኔ ውሸታም ነኝ ማለት ነው።"

የደረሰባቸውን ሁሉ ተሸክመው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው፤ አሁን በእኔ የተነሳ የገዛ ራሳቸውን ትዝታ መጠርጠር ጀምረዋል። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"እርስዎ አልተሳሳቱም። ስምንት የደመርኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ጣታቸውን ከፈት እያደረጉ ቆጠሩ። "ኅዳር… ሰባት ነው እንጂ" አሉ፣ ተማሪ እንደሚያርሙ ሁሉ። ትከሻቸው ወረድ አለ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። የጠበቅሁት ቁጣ አልመጣም። "እኔ አልነግርብሽም። አንቺው ንገሪያት" ብለውኝ ተነሱ።

ሊየን ክፍል ገብቼ ቆሜ ነገርኳት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ አየች። መነጽሯን አወለቀች፤ ግን አልጠረገችውም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰዓቷን አየች።

"ጃኬትሽን ያዢ" አለችኝ። ልታባርረኝ መስሎኝ ቦርሳዬንም አነሳሁ።

በወር አንድ ረቡዕ ሊየን አብራቸው ምሳ የምትበላ ጠበቆች ነበሩ። ቬትናማዊ፣ ኮሪያዊ፣ ፊሊፒኖ፣ ሕንዳዊ፤ ሰባት ስምንት ይሆናሉ። አብዛኞቹ ብቻቸውን ቢሮ የከፈቱ ናቸው። አንድ የቬትናም ምግብ ቤት ውስጥ ክብ ጠረጴዛ ይዘው የከበዳቸውን ጉዳይ ይነጋገራሉ። እስከዚያ ቀን እኔን ወስዳኝ አታውቅም ነበር። ስንገባ የሾርባው እንፋሎት መስኮቱን ሸፍኖታል፤ ጠረጴዛው ላይ በየሳህኑ የበሶብላ ዘመድ የሚመስል ቅጠል ተከምሯል። ሊየን ገና ከመቀመጧ እንዲህ አለች፤

"ዛሬ እኔ ነኝ የምጀምረው። የእኔ ቢሮ በአንድ ደንበኛ ቃል ላይ የተሳሳተ ዓመት ጽፏል። እኔም ሳላየው አስገብቼዋለሁ።"

"የእኔ ቢሮ" ነው ያለችው። ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊቴ ሁሉንም ነገር ተናግሮ ነበር።

ከመካከላቸው በዕድሜ የሚያንሰው፣ ወላጆቹ ከሕንድ የመጡ ጠበቃ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ። "እኔ ብሆን በዚያው ቀን አሰናብታት ነበር" አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያመነበትን ነው የተናገረው። ማንም አልተቆጣውም። ሚስተር ሬየስ የሚባሉ ፊሊፒኖ አዛውንት ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ራሳቸው ነገሩን። ጀማሪ ሳሉ አንድ ይግባኝ በተሳሳተ አድራሻ ልከው በአንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ደንበኛቸው ተባርሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሰውየውን ሙሉ ስም ከእነ አባቱ ጠሩልን። "ስሙን እንዳልረሳው ብዬ በየጊዜው እጠራዋለሁ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ "የአንቺ ግን ገና አልረፈደም። ዳኛዋ ፊት ቆሞ መናገር ያለበት የተረጎመው ሰው ነው። ጠበቃዋ ልትመሰክርልሽ አትችልም" አሉኝ።

ከጎኔ የተቀመጠች ኮሪያዊት ጠበቃ ሾርባዬን አለመንካቴን አይታ ሐዘን መስሏት ትከሻዬን ያዘች። "አይ፣ ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነኝ" አልኳት። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከአኩሪ አተር የተሠራ ቶፉ ያለበትን የራሷን ሳህን አንስታ ሰጠችኝ። ከችሎቱ ወዲህ የቀመስኩት የመጀመሪያ ምግብ እሱ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም ነበር።

ወደ ቢሮ ስንመለስ ሊየን መኪናዋን አቁማ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ "እስካሁን የተረጎምሽውን ፋይል ሁሉ አውጪ። አንድ በአንድ ታይዋለሽ" አለችኝ። ሳምንት ፈጀብኝ። ያው ስህተት ያለባቸው ሌሎች አራት ፋይሎች አገኘሁ።

በቀጠሮው ቀን ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። እጄን አንስቼ ማልኩ። የመንግሥት ጠበቃው አቆጣጠሩን አስረጂኝ አለኝ፤ ሰባትና ስምንቱን ነገርኩት። ከዚያ የምፈራውን ጠየቀ። "ሌላስ? ስንት ሰው ላይ እንዲህ ተሳስተሻል?"

"አራት። ሁሉንም መርምሬ አግኝቼአቸዋለሁ፤ እርማታቸው ተጽፏል" አልኩ።

ዳኛዋ መልሴን ጻፉና፣ "ያልተጠየቀችውን ፈልጋ ያገኘች ምስክር ናት" ብለው ወደ ሌላው ጥያቄ አለፉ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለአቶ ደምሴ ጥገኝነት ተፈቀደላቸው። ኮሪደሩ ላይ ሊየንን ሁለት እጇን ይዘው ጎንበስ አሉላት፤ እኔን ግንባሬን ሳሙኝ። "በሚቀጥለው ሰባት ደምሪ" አሉኝ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከአራቱ አንዷ ግን ጉዳያቸው ቀደም ብሎ ውድቅ የሆነባቸው ሴት ነበሩ። ሊየን ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አመለከተች፤ ተሳካ፤ ግን ሁለት ዓመት ፈጀ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ልጆቻቸው አዲስ አበባ አክስታቸው ጋር ነበሩ። ዛሬም በክብረ በዓል ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። አንገታቸውን አዙረው ያልፋሉ። ይቅር በሉኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሦስተኛ መሄድ ለእኔ እንጂ ለእሳቸው እንዳልሆነ ሲገባኝ ተውኩት።

ሊየን ደብዳቤውን ጻፈችልኝ። ስህተቱን ከእነ ዝርዝሩ ጽፋበት ነበር፤ ሳነበው ተናድጄ አለቀስኩ። ያም ሆኖ ትምህርት ቤቱ ተቀበለኝ። በየወሩ ወደ ረቡዕ ምሳው መሄዴንም ቀጠልኩ። ቶፉዋን የሰጠችኝ ኮሪያዊት ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና ያጠናችበትን ማስታወሻ አወረሰችኝ። አሰናብታት ነበር ያለው ጠበቃ እንኳ በኋላ የመጀመሪያ ደንበኛዬን የላከልኝ እሱ ነው።

ትናንት ሊየን ጋ ደወልኩ። አሁን ስፕሪንግፊልድ ከልጇ ጋር ትኖራለች። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኋት። "ያን ቀን ለምንድነው ወደ ምሳው የወሰድሽኝ? ልታበረታቺኝ አስበሽ ነው?"

ሳቀች። "እንዴት ያለ ማበረታታት! እጅግ ተናድጄ ነበር። እዚያው ቢሮ ሁለታችን ብንቀር ኖሮ አባርርሽ ነበር። ስለዚህ ሰው ወዳለበት ሄድኩ።"

ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ትዕግሥቷ ሳወራ ኖሬያለሁ፤ ከውስጧ የሚፈልቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷም ፈልጋው፣ መኪና ነድታ ሄዳ፣ ከሰው ያገኘችው ነገር ነው። እኔስ በተናደድኩ ቀን የት ነው የምሄደው? እዚህ አካባቢ ያለን ሐበሻ ጠበቆች ጥቂት አይደለንም፤ የምንገናኘው ግን በሠርግና በለቅሶ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ሁላችንም በራችንን ዘግተን ስህተታችንን ለብቻችን እንይዛለን።

ዛሬ ጠዋት ከእነዚህ ጠበቆች ለሦስቱ ደውዬ ለሐሙስ ምሳ ጋበዝኳቸው። ሁለቱ ወዲያው እሺ አሉ። ሦስተኛዋ፣ ከመካከላችን ትንሿ፣ ደነገጠች። "ምነው እትዬ ሰብለ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አለችኝ።

"ምንም አላጠፋሽም" አልኳት። "እኔ ያጠፋሁትን ልነግርሽ ነው።"