ሆጤ ላይ የተከበረው የኤደን በዓል

ዛሬ ጠዋት ምራቴ ለሆዴ ይሆነኛል ብላ አብሽ ስትመታ፣ ሽታው ገና ከጓዳ ሲወጣ ሐጂ ሳሊህ በሐሳቤ መጡብኝ። ብዙ ፊደል የቆጠርሁ ሰው አይደለሁም፣ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

በደርግ ጊዜ፣ በጎረምሳነቴ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየወረድሁ ስሠራ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ከሐጂ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አባታቸው ከባሕር ማዶ ከኤደን ወደብ የመጡ አረብ፣ የእንግሊዝ ባንዲራ ካልወረደ አልመለስም ብለው ደሴ የቀሩ፤ ባንዲራው የወረደው እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ሐጂም ኤደንን በዓይናቸው ሳያዩ፣ ነፃ የወጣችበት ቀን በመጣ ቁጥር ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሩዝ በሥጋ አሠርተው፣ አብሹን አረፋ እስኪሆን አስመትተው ደሴ ያሉትን አረቦች ሁሉ ይጠሩ ነበር፤ ለክርስቲያን ጎረቤት ደግሞ በዘይት ብቻ የተሠራ ሩዝ ለብቻው ይቀመጣል፣ ጾም ነዋ። ቀኑ ከኅዳር ጽዮን ጋር ስለሚገጥም ሰፈሩ፣ ሐጂ ለጽዮን ተሳሉ እያለ ይስቃል።

ኋላ ዘመኑ ከፋ፤ አረቦቹ አንዱ ወደ ጂዳ፣ አንዱ ወደ ሰንዓ ሲሄድ ትሪው እየሰፋብን መጣ፣ በመጨረሻው ዓመት ሐጂና እኔ ብቻ ፊት ለፊት ቀረን። ቀበሌውም በሥራ ቀን ሱቅ የዘጋ አሻጥረኛ ነው፣ ይታሸግበታል ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። ያን ጠዋት ግን ሬዲዮው ራሱ፣ ኤደን የደርግ ወዳጅ ናትና፣ ለኤደን ሕዝብ እንኳን ደስ አላችሁ ሲል ሰምተናል። ግድ የለም ይክፈቱ ብዬ ብለምናቸው የሱቁን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ትሪውን አቀረቡ።

አብዮት ጠባቂው ወረቀትና ሙጫውን ይዞ መጣ፤ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ክርስቲያን።

«ሐጂ፣ ይክፈቱልኝና እኔም አላሽግ» አላቸው፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ዛሬ አልከፍትም ልጄ። ይልቅ ግባ፣ የጾሙ ሩዝ ያንተ ነው። በልተህ ታሽጋለህ።»

ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ሐጂም ሰው አገኘሁ ብለው እያጎረሱ ስለ አባታቸው አጫወቱት። ሲጨርስ እጁን ታጠበ፣ እንኳን አደረሰዎ አላቸው፣ ወጥቶም ሱቁን አሸገው።

እንደታሸገ ቀረ። ሐጂ ጨርቃቸው ተወርሶ በአሰብ በኩል ኤደን ገቡ አሉ፤ እዚያ ማን ዘመድ ቆይቷቸው? ወላሂ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ያ የኤደን መንግሥትም ከሰንዓው መንግሥት ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ጠፋ። ሱቁ ዛሬ ሞባይል ይሸጥበታል፤ አብዮት ጠባቂውም ሞቷል። ኅዳር ጽዮን ሲመጣ ጎረቤቱ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በሬ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ቀኑ የሌላም ሰው በዓል እንደነበር ሆጤ ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ፤ በዓሉ ደግሞ የእኔ አይደለም።